ዱላውን ማን ይቀበል?

እኛ ጋ ሰው ፖኬሞን ተጫውቶ ሲሸነፍ ትንሽ ይሳቅበትና ያልፋል። ስዊች ሲያበዛ፣ ማለትም ሜዳ ያለውን ፖኬሞን እያስወጣ ሌላ ሲያስገባ፣ ግን ስም ይወጣለታል። "እግሬ አውጪኝ" የተባለ አለ። እኔን "ውጣ ግባ" ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ ልጅ አባይ ማዶ ስልክ ይጠግናል። ሲጫወት የሚያውቀው ወደ ፊት ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ ያወጣው ፖኬሞን ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል፣ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ለሱ ፍርሃት ነው። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለሱ ነው። ፊት ለፊት ስናወራ አያስጨርሰኝማ።

ፖኬሞን ስል ካርቱኑን አይደለም። ሰው ከሰው የሚጋጠምበትን የውድድሩን ጨዋታ ነው። ባሕር ዳር ላይ ይህን በቁም ነገር የምንጫወት ብዙ አይደለንም፣ የማውቃቸውን ሁሉ ብሰበስብ ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች የአንዱ አንድ ጠረጴዛ ይበቃናል። ኮንሶል የገዛ የለም፤ በምን ብር? የምንጫወተው በስልክ ብሮውዘር፣ ፖኬሞን ሾውዳውን በሚባለው ነጻ ማስመሰያ ነው። ሾውዳውን ዳታ አይበላም፣ ምክንያቱም በየዙሩ የሚሄደውና የሚመጣው "ይሄ መታ፣ ያኛው ተቀየረ" የሚል አጭር ጽሑፍ ነው። ቪዲዮ እምቢ በሚልበት ሰዓት እንኳ እሱ እየተንፏቀቀም ቢሆን ይሠራል።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ስድስት ፖኬሞን አለኝ፣ ተጋጣሚዬም ስድስት አለው። ሜዳ ላይ የሚቆመው በየወገኑ አንድ አንድ ነው፣ የቀሩት አምስቱ ከኋላ ይጠብቃሉ። በየዙሩ ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ሳናይ እንመርጣለን፦ ወይ ካሉት አራት ምቶች አንዱን መምታት፣ ወይ ሜዳ ያለውን አስወጥቶ ሌላ ማስገባት። መቀየር ከመምታት ይቀድማል። ስለዚህ ለሚወጣው የታሰበው ምት የሚያርፈው በሚገባው ላይ ነው። ጨዋታው በሙሉ ያለው እዚህች ጋ ነው። ዱላው መምጣቱ አይቀርም፣ ማን እንደሚቀበለው ግን እኔ እመርጣለሁ።

ምርጫው ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆነ? በታይፕ፣ ማለትም በዓይነት፣ የተነሳ። 18 ታይፕ አለ፤ እሳት፣ ውኃ፣ ሣር፣ በረዶ፣ ብረት፣ መሬት እያለ ይቀጥላል። አንዱ ምት አንዱን ታይፕ በእጥፍ ይጎዳዋል፣ ሌላውን በግማሽ፣ አንዳንዱን ጭራሽ አይነካውም። አንድ ፖኬሞን ሁለት ታይፕ ካለው ደግሞ እጥፉ በእጥፍ ይባዛል፣ ግማሹም በግማሽ።

ጋርቾምፕን እንውሰድ። ድራጎንና መሬት ነው። በረዶ ለድራጎንም ለመሬትም ክፉ ስለሆነ የበረዶ ምት 4 እጥፍ ያገኘዋል። አሁን ፊቱ ዊቫይል ቆመ እንበል፣ ጨለማና በረዶ የሆነው፣ በፍጥነትም ጋርቾምፕን የሚቀድመው። መቆየት ሞት ነው። ከኋላ ግን ሂትራን አለኝ፣ እሳትና ብረት። ያው የበረዶ ምት ሂትራን ላይ ሲያርፍ ሩብ ይሆናል። 4 እጥፍ የነበረው ሩብ ሆነ፤ በታይፕ ብቻ ካየነው አንዱ የሌላው 16 ጊዜ ነው። እኔ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ከሩቡም የሚጣፍጠው ዜሮው ነው። ሂትራን የመሬት ምት 4 እጥፍ ያገኘዋል፣ አንድ ኧርዝኩዌክ ይበቃዋል። ኮርቪናይት ግን በራሪና ብረት ስለሆነ መሬት አይነካውም። ተጋጣሚው ኧርዝኩዌክ ብሎ ሲጠብቅ ያ ትልቅ ጥቁር ወፍ ይገባና፣ ስክሪኑ ላይ ምንም እንዳልነካው የሚነግር አጭር ጽሑፍ ይመጣል። ያን ጽሑፍ የሚያህል ደስታ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የለም፤ ገድሎ ከማሸነፍ ይበልጣል ባይ ነኝ። ጭራሽ ሲመቱት የሚጠቀምም አለ። ዋተር አብዞርብ የሚባል ችሎታ ያለው የውኃ ምት ሲያርፍበት በመጎዳት ፋንታ ሩብ ደሙ ይመለስለታል። ፍላሽ ፋየር ያለው ደግሞ በእሳት ሲመቱት የራሱ እሳት አንድ ተኩል ይሆናል።

ለስልክ ጠጋኙ ይህን ሳስረዳው በዋስ ነው የመሰልኩለት። ሰው ዋስ ሲፈልግ የሚጠራው በጣም የሚወደውን አይደለም፣ ዕዳው ቢመጣ ከፍሎ የማይጎዳውን ነው። ሂትራን የበረዶ ዕዳ ይከፍላል። የመሬት ዕዳ ግን ያስዘጋዋል፣ ለዚያ ኮርቪናይት አለ። ኮርቪናይት ኤሌክትሪክ ይፈራል፣ ለኤሌክትሪክ ጋርቾምፕ አለ፣ መሬትን ኤሌክትሪክ ምንም አያደርገውምና። ጋርቾምፕ በረዶ ይፈራል፤ ተመልሰን ሂትራን ጋ መጣን። ሦስቱ እንዲህ እየተዋዋሱ ይኖራሉ። ቲም ስሠራ ከሁሉ በፊት የማየው ይህ ክብ መግጠም አለመግጠሙን ነው። ስድስት ጀግና ሰብስቦ ክቡ ያልገጠመለትን ሰው በየቀኑ አገኛለሁ፣ ስድስቱም አንድ ዓይነት ምት ሲፈሩ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1999 ጃፓን ላይ በወጡት ጎልድና ሲልቨር ጨዋታዎች ስካርመሪና ብሊሲ መጡ፣ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ሰው ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ነው የኖረው። ስካርመሪ የብረት ወፍ ነው፣ መከላከያው መነሻው 140 ነው፤ በአካል የሚመታን ይችላል። ብሊሲ ወፍራም ሮዝ ነገር ናት። ደሟ መነሻው 255፣ የአካል መከላከያዋ ግን 10! አንድ ጠንካራ ቡጢ ካገኛት አለቀላት፣ እሳትና ውኃና መብረቅ ከሩቅ የሚወረውረውን ሁሉ ግን ትቀበለዋለች። አንዷ ስትጠራ ሌላው ይወጣል። በዚያ ጊዜ ይህን ጥምር ማለፍ ያልቻለ ቲም ቲም አይባልም ነበር።

እሺ። አሁን ወደ ስልክ ጠጋኙ ክርክር እንምጣ፣ ምክንያቱም ባዶ ክርክር አይደለም። እሱ የሚለው "ባክህ፣ አንተ ስትወጣ ስትገባ እኔ እየመታሁ ነው" ነው። ልክ ነው። የቀየርኩበት ዙር ያልመታሁበት ዙር ነው። በዚያ ዙር እሱ በነጻ ይመታል፣ ወይ ራሱን ያጠናክራል፣ ወይ ወጥመድ ያነጥፋል። ከሦስቱ ይሄ የመጨረሻው ነው ሰውን ሳያውቀው የሚገድለው።

ስቴልዝ ሮክ የሚባለው ወጥመድ በ2006 በዳይመንድና ፐርል መጣ። አንዴ ከተነጠፈ፣ የሚያጠራው እስኪገኝ ድረስ በዚያ ወገን የገባውን ሁሉ ሹል ዓለት ይወጋዋል። ልኩም በታይፕ ነው። ዓለትን የማይፈራም የማይንቅም 12.5 በመቶ ደሙን ያጣል። የሚፈራ 25። በሁለት ታይፑም የሚፈራ፣ እንደ ቻሪዛርድና ቮልካሮና ያለው፣ 50 በመቶ። ማንም ሳይነካው፣ ገና እግሩ ሜዳ ሲረግጥ፣ ግማሽ ደም! ቻሪዛርድን ከካርቱኑ ወደው የመጡ ጀማሪዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ገብቶ ትንሽ ከተነካ ሁለተኛ መግባት የሚባል ነገር የለውም። ስፓይክስ ደግሞ መሬት የሚረግጠውን ብቻ ይወጋል፣ ሦስት ጊዜ ከተደረበ 25 በመቶ ይወስዳል።

ከእኛ መሃል ፖሊ የሚማር ልጅ አለ፣ ነገር ሁሉ በካልኩሌተር። እሱ ነው ስዊችን በደም መቁጠር ያስጀመረን። ሂትራን ሮክ በተነጠፈበት ሜዳ ሲገባ 12.5 ይከፍላል፤ ስምንት ጊዜ ከገባ ማንም ሳይመታው ደሙ አለቀ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሂትራን ያለው ዋስትና የተቆጠረ ነው፣ በመሃል አንድ ሁለት ምት ከቀመሰ ደግሞ ሦስት ወይ አራት መግቢያ ብቻ ይቀረዋል። ለእያንዳንዷ ጥቃቅን ነገር ሂትራንን እያስገባ የሚያስወጣ ሰው፣ ቮልካሮና የመጣች ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። እዚህ ላይ ከስልክ ጠጋኙ ጋር እስማማለሁ። ዝም ብሎ የሚቀያይር ሰው ቀስ ብሎ እየተሸነፈ ነው፣ ልዩነቱ ሽንፈቱ ዘግይቶ መታየቱ ብቻ ነው።

ጨዋታው ራሱ ለሚቀይር ሰው አንዳንዴ ያዳላል። በ2019 ሶርድና ሺልድ ሲወጡ ሄቪ-ዲዩቲ ቡትስ የሚባል ጫማ መጣ። የያዘው ሮክም ስፓይክስም አይወጋውም። በዚያው ዓመት ፐርሱት የሚባለው ምት ቀረ፤ ፐርሱት የሚወጣውን ፖኬሞን ገና ሳይወጣ በእጥፍ የሚመታ ነበር፣ የሸሺ ሁሉ ጠላት። ስልክ ጠጋኙ ይህን ሲሰማ "በቃ ለእናንተ ነው የተሠራው" አለ። ሪጀነሬተርን ስነግረው ደግሞ ጭራሽ ተናደደ። ሪጀነሬተር ያለው፣ ለምሳሌ ስሎውብሮ ወይ ቶክሳፔክስ፣ ከሜዳ በወጣ ቁጥር ሲሶ ደሙን ያስመልሳል። ገብቶ ተመቶ፣ ወጥቶ ታክሞ፣ እንደገና ይገባል። ቶክሳፔክስ የምትባለዋን ሰማያዊ እሾሃም ነገር ስንት ዙር ደብድቧት ተመልሳ ሙሉ ሆና ሲያያት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። (የሰው ስልክ ነበር፣ ሊጠገን የመጣ። አልተሰበረም።)

ግን ዋናው ጣጣ ገና አልመጣም። ዊቫይልን የያዘው ሰውዬ ሞኝ አይደለም። ከ2010ሩ ብላክና ኋይት ወዲህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሁለታችንም ስድስት ስድስት ለሁለታችንም ይታያል፤ ስለዚህ ከኋላዬ ሂትራን እንዳለ ያውቃል። በረዶውን ትቶ ሎው ኪክ ሊመታ ይችላል። ሎው ኪክ ተመቺው በከበደ ቁጥር ይበረታል፣ ሂትራን ደግሞ 430 ኪሎ ነው፣ በዚያ ላይ ብረት የተዋጊ ምት ይፈራል። ያለ ስጋት ይገባል ያልኩት ሂትራን ክፉኛ ቆስሎ ይቀራል። በዚያች ዙር ጋርቾምፕን ሳልነካው ብቆይ ኖሮስ? ሎው ኪኩን ችሎ ዊቫይልን በአንድ ምት ሊጥላት ይችል ነበር። ደግሞ እሱ ይህንንም አስቦ በረዶውን ቢመታስ?

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ "ልብ ማንበብ" ይላል። ጎበዝ ተጫዋች የተጋጣሚውን ልብ የሚያነብ ነው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ልብ ማንበብ ግድ የሚሆንበት ሰው ቀድሞ ራሱን አጣብቂኝ ውስጥ የከተተ ነው። ከላይ ያለውን እዩት እስቲ፣ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ይመስላል፣ መቆየት ወይ ሂትራን። ኮርቪናይትስ? በረዶ ብረቱን አይደፍረውም፣ በራሪነቱን ግን ይጎዳል፣ ተጣጥቶ መደበኛ ምት ይሆናል። ተዋጊም እንደዚያው፤ ብረቱን ይጎዳል፣ በራሪው ይንቀዋል፣ መደበኛ። ስለዚህ ኮርቪናይት ቢገባ በረዶም መጣ ሎው ኪክ ትንሽ ይቆስላል እንጂ አይወድቅም። እንደ ሂትራን በሩብ አይወጣም፣ ግን በምንም መንገድ አይከፋበትም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው እሱን ነው። ያላማረ ምርጫ ነው። ማንም "ዋው" አይልም። ማሸነፊያው ግን እንዲህ ያሉ ያላማሩ ዙሮች ተጠራቅመው ነው የሚመጣው፣ የሚያምረውን ትንበያ ደግሞ ሌላ ማምለጫ ለጠፋበት ዙር አስቀምጠዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ይህን በደንብ የተማርነው ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ጨዋታ የለም፣ እኛ ደግሞ መገናኘቱን ስለለመድነው ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር መሄዱን አልተውንም። የፖሊው ልጅ ወረቀት አመጣ። አንዱ ሁኔታውን ይናገራል፣ "ጋርቾምፕና ዊቫይል፣ ከኋላ ሂትራንና ኮርቪናይት፣ ሮክ ተነጥፏል"። ሁለት ሰው በየወረቀቱ ምርጫውን ይጽፋል፣ ከዚያ ይገለጣል። የደም ሂሳብ የለም፣ ቀጥሎ ምን ይሆናል የለም፣ ያችን አንዲት ዙር ብቻ። ከጣና የሚነሳው ነፋስ ወረቀታችንን ይዞብን እየሄደ በማኪያቶ ብርጭቆ ነበር የምናስይዘው። አስተናጋጇ ቁማር መስሏት ኖሮ በኋላ ላይ "ስንት ስንት ነው?" ብላ ጠየቀችን።

የገረመኝ በወረቀት ላይ የሰው ልማድ ቶሎ መጋለጡ ነው። ስልክ ጠጋኙ ሁልጊዜ ይመታል፣ ያን ሁላችን እናውቃለን። ግን አንድ ዙር ከተሸነፈ በኋላ ቀጣዩ ላይ ሁልጊዜ ይቀይራል፤ ይፈራል ማለት ነው፣ ስም አውጪው! የፖሊው ልጅ ደግሞ ከባድ ሁኔታ ሲሰጠው ተራቅቆ ያስባል፣ እሱ ያስባል ብዬ አስባለሁ፣ እሱም እንደማስብ ያስባል... ከዚያ በጣም ቀላሉን ምት ይበላል። ታናሽ እህቴ አንድ ቀን አብራን ነበረች፣ ፖኬሞን የሚባል ነገር አታውቅም፣ የታይፑን ነገር ባጭሩ ነገርኳትና ተቀመጠች። ሁላችንንም አሸነፈችን። እንዴት ነው ስላት "ወንድም ጋሼ፣ አንተ ልትቀይር ስትል እኮ መጀመሪያ ብርጭቆህን ታነሳለህ" አለችኝ። በስልክ ስጫወት ብርጭቆዬን የሚያይ የለም፣ እንኳንም።

ኔትወርኩ ሌላም ነገር ወስኖብናል። ስቶል የሚባል አጨዋወት አለ፤ ስድስቱንም ዋስ አድርጎ፣ እየቀያየሩ እየታከሙ፣ ተጋጣሚውን በመርዝና በወጥመድ ቀስ በቀስ ማዳከም። 100 ዙር ያለፈ ጨዋታ እዚያ ሰፈር ብርቅ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ግን ይሄ ቅንጦት ነው። መብራት ሄዶ፣ ስልኩ 9 በመቶ ቻርጅ ቀርቶት፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ማን 100 ዙር ይጠብቃል? ሰዓት ቆጣሪው አይታገስም፣ በጊዜው ካልመረጥክ ተሸነፍክ ነው። እኛ ጋ ሙሉ ስቶል የሚጫወት የሌለው በጀግንነት ብዛት እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ ለስልክ ጠጋኙ ማለት የምፈልገውን ልበለው። አንተ ስዊችን የምታየው ከሚወጣው በኩል ነው። ጋርቾምፕ ሸሸ፣ ተረፈ፣ አለቀ። እኔ የማየው ከሚገባው በኩል ነው። የገባው ምን ሊሠራ ገባ? ኮርቪናይት ኧርዝኩዌክህን በዜሮ ከተቀበለ በኋላ አንተ ምን ታደርጋለህ? ያንተ ጋርቾምፕ ቾይስ ባንድ የሚባለውን ዕቃ ከያዘ፣ ምቱ አንድ ተኩል ይሆንለታል፣ ግን አንዴ በመረጠው ምት ታስሮ ይቀራል፣ እስኪወጣ ድረስ ኧርዝኩዌክ ኧርዝኩዌክ ብቻ። ኮርቪናይት ፊት ቆሞ ኧርዝኩዌክ ለመምታት ነው እንግዲህ! ስለዚህ መውጣት አለብህ። አሁን ሯጩ አንተ ነህ፣ በነጻ የሚሠራው እኔ ነኝ። ያችን ዙር ካልተጠቀምኩባት ስዊቹ ከንቱ ነበር፤ ስድቡ ይገባኛል። ከተጠቀምኩባት ግን ዱላውን ከፍዬ ዙሯን ገዛሁ ማለት ነው።

ያችን ዙር ከምጠቀምባቸው መንገዶች የምወደው ዩ-ተርን ነው። ዩ-ተርን ይመታና ራሱ ይወጣል፣ በቦታው የፈለግኩትን አስገባለሁ። ከመታ በኋላ ስለሚወጣ አንተ ማንን እንዳስገባህ አይቼ ነው የምመርጠው። ኮርቪናይት ቀርፋፋ ነው፣ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ ደግሞ ቀርፋፋነቱን ነው የምፈልገው። አንተ ቀድመህ ትመታዋለህ፣ እሱ ዱላውን ይቀበላል፣ ከዚያ ዩ-ተርን ብሎ ሲወጣ የሚገባው ልጅ ምንም ምት ሳይነካው፣ ሙሉ ደሙን ይዞ ይቆማል። እንደ ዊቫይል ያለ በአንድ ምት የሚሞት ፈጣን ገዳይ ሜዳ የሚገባው እንዲህ ነው። በ2019ኙ ትውልድ ቴሌፖርትም ለዚሁ ሥራ ዋለ፤ የያዘው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ዱላውን ራሱ ቀምሶ ሌላውን በሰላም ያስገባል።

አንዳንዴ ደግሞ መቀየር የለብህም። ይህን ከስልክ ጠጋኙ ይልቅ እንደኔ ያለ ውጣ ግባ ነው መስማት ያለበት። 5 በመቶ ደም የቀረው ሂትራን፣ ሮክ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ ካስወጣኸው ሌላ ጊዜ አይገባም፣ ሲገባ ዓለቱ ይጨርሰዋል። ያን ሂትራን ለማዳን ብሎ ሙሉ ጋርቾምፕን ዱላ ውስጥ ማስገባት ስስት ነው። እዚያው ይሙት። ሲሞት ቀጣዩ ያለ ምንም ምት በነጻ ይገባል፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሰው እዚህ ላይ ልቡ እምቢ ይለዋል፣ ስድስት ይዞ ስድስት መጨረስ ይፈልጋል። አንድ ቀርቶልህ ብታሸንፍም ያው ማሸነፍ ነው።

መውጣት የማይቻልበትም አለ። ማግኔዞን ማግኔት ፑል የሚባል ችሎታ አለው፣ ብረትን አያስወጣም። ስካርመሪ ፊቱ ከቆመ ተያዘ፣ በኤሌክትሪክ ይጨርሰዋል። ከዚያ ስካርመሪ ሲከላከላቸው የነበሩት ሁሉ ተራ በተራ ይመጣሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ተጋጣሚው ዝርዝር ውስጥ ማግኔዞን ካየሁ ብረቶቼን የማስገባው አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አስቤ ነው።

በ2022 ከስካርሌትና ቫዮሌት ጋር ቴራስታላይዜሽን መጥቶ ይህን ሁሉ ደባለቀው። በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ አንዱን ፖኬሞን ታይፑን መለወጥ ይቻላል። ጋርቾምፕ በዊቫይል ፊት ብረት ሆኖ ያድራል፤ 4 እጥፍ የነበረው በረዶ ግማሽ ይሆናል። ዋስ ሳይጠራ ራሱ ከፈለ። እኔ ለሁሉም ጨዋታ ቴራን የምቆጥበው ለእንዲህ ያለች ዙር ነው፣ ስልክ ጠጋኙ ሁለተኛው ዙር ላይ ያወጣዋል።

አሁን የተያዝነው ኮርቪናይት በሚይዘው ዕቃ ነው። የፖሊው ልጅ ሌፍትኦቨርስ ይያዝ ባይ ነው። ሌፍትኦቨርስ በየዙሩ መጨረሻ 6.25 በመቶ ደም ይመልሳል፣ ሮክ ሲገባ 12.5 ይወስዳል፣ ስለዚህ ገብቶ ሁለት ዙር ከቆየ ተካክሷል፣ ከዚያ በላይ የቆየው ትርፍ ነው ይላል። ሂሳቡ ልክ ነው። ግን የኔ ኮርቪናይት ሁለት ዙር መቼ ይቆያል? ገባ፣ ዩ-ተርን፣ ወጣ። ለኔ ጫማው ይሻላል። "ኖክ ኦፍ ሲመቱህ ጫማህ ይወልቃል" አለኝ። ሌፍትኦቨርሱም ይወድቃል እኮ! ከሰዓቱ በሙሉ በዚህ አለቀ። ስልክ ጠጋኙ ማኪያቶውን ጨርሶ ሒሳብ ሲያስመጣ "ቾይስ ባንድ አስይዙትና ይምታ" ብሎን ሄደ።